የፊያት 682 የነዳጅ መስመር አየር የሚስበው ከየት ነው?

የተከበራችሁ የአሮጌ ከባድ መኪና አዋቂዎች፤

ሱሉልታ በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ አባቴ ለረጅም ዘመን የነዱትን ፊያት 682 በትርፍ ጊዜዬ እየጠገንኩ ሲሆን፣ ሞተሩ በቀላሉ ተነሥቶ 15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ጉልበት እያነሰው ይጠፋል። የፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) የአየር ማውጫ ብሎን ስፈታ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይወጣል፤ አየሩን በእጅ ፓምፑ አስወጥቼ ሳስነሣውም ያው ይደገማል። ፊልትሮውንና የመዳብ ሮንዴላዎቹን ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ለውጫለሁ።

ትልቁ ፍንጭ የሚመስለኝ፣ ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ናፍጣውን ከታንኩ ስቦ ወደ ፊልትሮው ከሚልከው ማንሻ ፓምፕ ከፍ አድርጌ ሰቅዬ በቀጥታ ሳገናኘው ሞተሩ ከ1 ሰዓት በላይ ያለ እንከን መሥራቱ ነው። ስለዚህ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎችና በግፊት የሚልክላቸውን ዋናውን ፖምፓ አልጠረጥርም። ይሁን እንጂ ናፍጣው በራሱ ክብደት ሲወርድ መሳብ ስለማያስፈልግ፣ ይህ ሙከራ ማንሻ ፓምፑን ከጥርጣሬ ነጻ አያወጣውም፤ አካባቢያችን ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑም የአየሩ ግፊት ማነስ የመሳብ ሥራውን ሳያከብደው አይቀርም።

አየሩ የሚገባው ታንኩ ውስጥ ባለው መሳቢያ ቧንቧ ስንጥቅ ይሁን ወይስ በማንሻ ፓምፑ ያረጀ ጎማ፣ ፓምፑን ሳልፈታ የምለይበትን መንገድ ብታሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፓምፑ በፊት ውስጡ የሚታይ ቱቦ ለመግጠም አስቤአለሁ፤ አረፋው እዚያ ካልታየ ጥፋቱን በፓምፑ ላይ ማድረግ እችላለሁን?