ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል ስማር የሚያሳስቱኝ ቃላት በዙ

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ስፓኒሽ ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ፤ የምማርበት መጽሐፍ የሚያብራራው በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ከስፔን የመጡ እንግዶች ምግብ ዘገየባቸውና «አፍሬያለሁ» ልላቸው ብዬ «ኤስቶይ ኤምባራሳዳ» አልኩ። አንዷ ሆዴን አይታ ዝም አለች። ምን ብያቸው ነው? ሌላስ ከምን ልጠንቀቅ?

መልስ 1 (ሀዋሳ)፦ እህቴ፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ነው ያልሻቸው። ቃሉ ከእንግሊዝኛው «ኢምባራስድ» ጋር ስለሚመሳሰል እንግሊዞችም አሜሪካኖችም ይሳሳቱበታል። ለእንግዳ «ሎ ሲዬንቶ» ይበቃል፣ አዝናለሁ ማለት ነው። «ኤክሲቶ»ንም ልብ በይ፤ ስኬት እንጂ መውጫ አይደለም። መውጫ «ሳሊዳ» ነው።

መልስ 2 (አዳማ)፦ ልጄ፣ እኔ በ1970ዎቹ ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ከተማሩት አንዱ ነኝ። እንግሊዝኛውን መሀል አታስገቢው። አማርኛሽ የበለጠ ይረዳሻል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ለማለት የሚቸገረው «እኔ ቡና እወዳለሁ» ብሎ ስለሚያስብ ነው። አንቺ ግን «ቡና ደስ ይለኛል» ትያለሽ፤ ደስ የሚለው ቡናው ነው፣ ስፓኒሹም እንደዚያው። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ደግሞ «ራሴን ያመኛል» ነው፣ ቁርጥ የኛ አባባል። «እሄዳለሁ» ስትዪ «እኔ» እንደማያስፈልግሽ ሁሉ «ዮ»ንም በየዓረፍተ ነገሩ አትደርድሪ።

የአዳማ ሙቀት ሲበረታ ግን «ቴንጎ ካሎር» በይ፣ «ሙቀት አለኝ» እንደማለት። ከእንግሊዝኛው ገልብጠሽ «ኤስቶይ ካሊዬንቴ» ካልሽ ነውር ነው፤ የወሲብ ስሜትን ይገልጻል።

መልስ 3 (ሀዋሳ)፦ ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። «ፔሮ» ላልቶ ሲነበብ «ግን»፣ ራው ጠብቆ ሲርገበገብ «ውሻ» ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ደግሞ ይገኛል እንደሚሆነው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ በጣም ይለፋሉ። አንቺን የሚያስቸግርሽ «ሴር»ና «ኤስታር» ነው፤ ሁለቱም «ነኝ» ይሆናሉ። «ሶይ አቡሪዳ» አሰልቺ ነኝ፣ «ኤስቶይ አቡሪዳ» ሰልችቶኛል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ለእንግዳ «ቱ» ልበል ወይስ «ኡስቴድ»?

መልስ 2፦ «ኡስቴድ»፣ እንደ «እርስዎ»። ግሱ ግን ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» የሚሆነው ነው፦ «ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ?» ብለሽ ተቀበያቸው።