ከፋብሪካ ጥገና ወደ ጀልባ ንድፍ፦ ከደብረ ብርሃን ሆኖ መጀመር ይቻላልን?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል እሠራለሁ፤ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ግን ልቤ ወደ ጀልባ ንድፍ ሸፍቷል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ሐይቅ በሌለበት ከተማ ተቀምጬ ይህን ማሰቤ ቤተሰቤን ያስቃል። ሥራዬን ሳልለቅ ሙያውን ልማረው እችላለሁን? ንድፉስ ብቻውን እንጀራ ይሆናል?

መልስ (ከባሕር ዳር)
የተማሩት ትምህርት ብዙውን መንገድ አሻግሮዎታል። የቀረዎት ዋናው ነገር የሚዛን ስሌት ነው። ጀልባ ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሆነ ውኃ ገፍቶ እንደሚንሳፈፍ ያውቃሉ፤ ፈተናው የሚመጣው ወደ ጎን ሲያዘነብል ነው። የክብደቱ ማዕከል ባለበት ሲቆይ ውኃው ወደ ላይ የሚገፋበት ነጥብ ግን ወዳዘነበለበት ጎን ይሸሻል፤ ጀልባው ተመልሶ መቅናቱን ወይም መገልበጡን የሚወስነውም የእነዚህ የሁለቱ አቀማመጥ ነው። የስዊድኗ የጦር መርከብ ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ከስቶክሆልም ብዙም ሳትርቅ የሰጠመችው ከላይ ስለከበደች ነው። እዚህ ጣና ላይም ተሳፋሪው ገዳሙ ሲታየው በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የሚሆነው ያው ነው፤ ወለሉ ላይ የተጠራቀመ ውኃ ካለ ደግሞ እሱም ወደዚያው ጎን እየፈሰሰ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለስሌቱ ዴልፍትሺፕ የተባለውን ሶፍትዌር በነፃ ማግኘት ይችላሉ። በርቀት መማር ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ1930 የተቋቋመው የአሜሪካው ትምህርት ቤት ዌስትሎውን በዚሁ ሙያ ይታወቃል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ግን አስቀድመው ያስቡበት።

መልስ (ከሸዋሮቢት)
ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንተ ልበልህ። እኔ አናጢ ነኝ፤ በአገራችን ደንበኛ ለተሠራ ዕቃ እንጂ ለወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ አላየሁም። ስለዚህ ንድፉንም ግንባታውንም አብረህ ካልያዝክ ደመወዝህን አትልቀቅ። ስለ እንጨቱ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ኮምፔንሳቶ ወደ አንድ አቅጣጫ እሺ ብሎ ይጎብጣል፣ በሁለት አቅጣጫ ባንድ ጊዜ ልጉበጥህ ካልከው ግን ይሰነጠቃል። የነደፍከውን በአንድ አሥረኛ ልክ ከካርቶን ቆርጠህ ግጠመው፤ ካርቶኑ ከተጨማደደ እንጨቱም እምቢ ይላል። ለቤት ዕቃ የሚሸጠውን ኮምፔንሳቶም አትመነው፤ ሙጫው ውኃ ስለማይችል ንጣፉ ይላቀቃል።

ጠያቂው
ጋሼ፣ ስለ ካርቶኑ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዚሁ ሳምንት እሞክረዋለሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ ለጣና ዓሣ አጥማጅ የሚሆን ትንሽ የሞተር ጀልባ ቢሆንስ?

መልስ (ከባሕር ዳር)
መልካም ምርጫ ነው፤ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ውሎ አድሮ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና ቶሎ ስለሚያረጅ ምትክ የሚፈልግ አይጠፋም። ሆኖም ለባሕር የተዘጋጀ ንድፍ እንዳለ አይገልብጡ። የባሕር ውኃ በሜትር ኩብ ወደ 1,025 ኪሎ ሲመዝን የጣናው ወደ 1,000 ስለሆነ፣ ጀልባው እዚህ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዚህ የሚብሰው የሞተሩ ነገር ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ሞተር የጠገነ ሰው ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። እርሳስ ከማንሣትዎ በፊት አጥማጁ የሚጭነውን መረብና ዓሣ ከነሰዉ ይመዝኑ፤ ጀልባውን ለብቻው ጎትቶ ወደ ዳር ያወጣው እንደሆነም ይጠይቁት፤ የጀልባውን ክብደት የሚወስነው ይኸኛው መልስ ነው።