የስሪላንካ ሲንሃላዎችን የሐረግ ጌጥ በቀሚስ ላይ ለመጥለፍ ከየት ልጀምር?

ጠላፊዋ (ዱባይ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አብራኝ የምትኖረው የስሪላንካዋ የካንዲ ከተማ ልጅ አገሯ ደርሳ ስትመለስ የናስ ሰሃን አመጣችልኝ። ዙሪያውን አንድ ሐረግ እየተጠማዘዘ ይዞረዋል፤ በየእጥፋቱ አበባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «ሊያቬላ» ይባላል አለችኝና በአውራ ጣቷ መስመሩን ተከትላ፣ ጣቷን ሳታነሳ መነሻው ላይ ደረሰች። በእናቴ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ልጠልፈው አራት ጊዜ በወረቀት ሞከርኩ፤ እባብ እየመሰለ አስቸገረኝ። ትርጉሙስ ምንድን ነው? እናቴ ጾመኛ ናት፤ ሳላውቅ የማይሆን ነገር እንዳላለብሳት እፈራለሁ።

የብራና ልጅ፦
እህቴ፣ ከአበባው አትጀምሪ። መጀመሪያ ግንዱን ብቻ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ አድርገሽ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ሳዪ። ከዚያ በየጎድጓዳው ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ከግንዱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይጠቅለል፤ አበባው የሚያርፈው በጥቅሉ መሃል ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚለይበትን ቦታ በትንሽ ቅጠል ሸፍኚው። ያንቺ እባብ የመሰለው ይህች ቅጠል ጎድላው ይመስለኛል።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ በጥንታዊቷ የስሪላንካ ከተማ አኑራዳፑራ፣ በጥንታዊ ሕንጻዎች ደረጃ ሥር የተነጠፈ ግማሽ ክብ ድንጋይ አይቻለሁ፤ ሳንዳካዳ ፓሃና ይሉታል። ከዳር ነበልባል፣ ቀጥሎ ዝሆን፣ ፈረስ፣ አንበሳና በሬ ተከታትለው፣ ቀጥሎ ሐረጉ፣ ከዚያ ዝዮች፣ መሃሉ ላይ ሎተስ የሚባለው የውሃ አበባ ተቀርጾበታል። አርኪዮሎጂስቱ ፓራናቪታና ሐረጉን የሰው ምኞት ምሳሌ አድርገው ተርጉመውታል። በኋላ በመጣው በካንዲ መንግሥት ዘመን ድንጋይ ላይ እንስሳቱ ሲቀሩ ሐረጉና ሎተሱ ቆይተዋል። በናስ፣ በእንጨት፣ በዝሆን ጥርስም ላይ ግን ጌጥ ሆኖ ይሠራል፤ እናትሽ ያለ ስጋት ይልበሱት። ደግሞስ «ቬላ» በሲንሃላ ሐረግ ማለት ነው፤ እኛም በብራና መጽሐፍ ራስጌ የምንስለውን ጌጥ ሐረግ እንለው የለም? የእኛው እንደ ገመድ ይጠላለፋል፤ የእነሱ እንደ ተክል ያድጋል። ይህን ሳይ ደረጃው ሥር ብዙ ቆሜያለሁ።

እመት ክር፦
ልጄ፣ ከመጥለፍሽ በፊት የቀሚሱን ዙሪያ ለኪና ለሞገዱ ርዝመት አካፍዪው። ሙሉ ቁጥር ካልሆነ መገጣጠሚያው ላይ ግማሽ አበባ ይተርፍሻል። ግንዱን በሁለት ክር፣ የቅጠሉን ጅማት በነጠላ ክር ሥሪው።

ጠላፊዋ (ዱባይ)፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ 24 ሞገድ አድርጌ ሣልኩት፤ ገጠመ። ጓደኛዬ ወረቀቱን ተቀብላ ያቺን ትንሽ ቅጠል በጣቷ ነካችና ዞረችበት። ነገ ክር ልገዛ ነው፤ ቀዩን አስቤያለሁ።