የቪአር መነጽር ተገዛልን፣ ልጆቹ ወደዱት፣ ኩዊዙ ላይ ግን ወደቁ

ፊዚዮሎጂ_አስተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ዲፓርትመንታችን 12 የቪአር መነጽር (ሲያጠልቁት በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የገቡ የሚያስመስለውን) ገዛና “በዚህ ሴሚስተር ተጠቀሙበት” ተባልን። መመሪያው ይኸው ነው። ተማሪዎቼ 70 ናቸው። ባለፈው ሳምንት የደም ዝውውርን በእሱ ሞከርኩት። ልጆቹ ደም ሥር ውስጥ ገብተው ቀይ የደም ሴል በአጠገባቸው ሽው ሲል ጩኸቱን አትጠይቁኝ፣ ክላሴ እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም። በማግስቱ አጭር ኩዊዝ ሰጠሁ። ከቀኝ ቬንትሪክል (ከልብ የታችኛው ቀኝ ክፍል) የወጣ ደም ወዴት እንደሚሄድ በትክክል የጻፈው ጥቂት ሰው ነው! አምና በስላይድ ካስተማርኳቸው ልጆች የባሱ ይመስለኛል። ሁለቱ ደግሞ አጥወለወለን ብለው መነጽሩን አውልቀው ወጡ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የዕቃው? የሞከራችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ የሻጭ ወሬ ጠግቤያለሁ።

ቾክ_እና_ኮድ
ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ፓሮንግ እና ሜየር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ያንተን ክላስ ቁጭ ብለው ያዩ ያስመስላቸዋል። አንዱን የባዮሎጂ ትምህርት ገሚሱ በቪአር፣ ገሚሱ በስላይድ ተማረ። ቪአሮቹ የበለጠ ተደሰቱ፣ ፈተናው ላይ ግን ስላይዶቹ በለጡ። ማክራንስኪ እና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2019 የላብራቶሪ ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የተመሰለ ላብራቶሪ) ላይ ተመሳሳይ ነገር ነው ያገኙት። “እዚያው ነበርኩ” የሚለው ስሜት ጨመረ፣ ትምህርቱ ግን ቀነሰ። አስበው እስቲ፣ ልጁ ዙሪያውን የሚያየው ሁሉ ብርቅ ሆኖበት አንገቱን ሲያዞር፣ የልቡን ቫልቭ ስም የሚይዘው በየትኛው ጭንቅላቱ ነው?

ደስ የሚለው ግን መላ አለው። እነ ፓሮንግ ቪአሩን ከፋፍለው፣ በየክፍሉ መጨረሻ ተማሪው ያየውን በራሱ ቃል እንዲጽፍ ሲያደርጉ ውጤቱ ተሻሻለ፣ ደስታውም አልቀነሰም።

ስካልፔል
እኔ ግን ቶሎ አትፍረዱበት እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት የቀዶ ሕክምና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 16 ሬዚደንቶች (ቀዶ ሕክምና የሚማሩ ሐኪሞች) ነበሩ። በሲሙሌተር የተለማመዱት የሐሞት ከረጢትን ከጉበት የመለየቱን ሥራ በ29 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ፤ ያልተለማመዱት ደግሞ ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ ቦታ የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ልብ በሉ፣ ያ ሲሙሌተር ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ አልነበረም፣ ስክሪን እና የመሣሪያ እጀታ ነው። ሥራውን የሠራው እጅን ማለማመዱ እንጂ መነጽሩ አይደለም።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የቪአር ተመራማሪ ቤይለንሰን ቪአር የት እንደሚያዋጣ ሲናገር አራት ነገር ይጠራል፦ በእውኑ ዓለም አደገኛ፣ የማይቻል፣ ጉዳት የሚያመጣ፣ ወይም በጣም ውድ የሆነ ነገር። የልብን ክፍሎች ስም ማስጠናት ከአራቱ የቱ ነው? የፕላስቲክ ሞዴል ካለህ እሱ ይበቃል። ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ግፊቱ ሲቀያየር ማየት ግን በሌላ መንገድ አይገኝም፣ እሱን ለመነጽሩ ተውለት።

ላብ_ቴክኒሻን
ስለ ማጥወልወሉ፦ ዓይን “እየሄድኩ ነው” ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ደግሞ “ተቀምጫለሁ”። ጭቅጭቁ ወደ ሆድ ይወርዳል። ተቀምጠው ይዩ፣ የሌንሶቹን ርቀት ለየሰው አስተካክል፣ ከቻልክ በመንሸራተት ፈንታ ከቦታ ቦታ ዘሎ የሚሄደውን ምረጥ። ከ10 ደቂቃ አታሳልፍ። 70 ሰው በ12 መነጽር ስድስት ዙር ነው፤ በዚያ ላይ መጥረጊያው፣ ቻርጁ፣ ማሰሪያውን ማጥበቅ ማላላቱ አለ። በአንድ ፔሬድ አይሆንም፣ አትድከም። አፕዴቱን ደግሞ ከዋዜማው ጨርስ፣ እኔ አንዴ ሙሉ ክላስ ተቀምጦ የሚሽከረከር ክብ አይቷል።

ሦስተኛ_ዓመት
መምህር፣ ከተማሪ ወገን ልናገር። እርስዎ ተማሪው ምን እያየ እንደሆነ አያዩም፣ እኛ ደግሞ የእርስዎን ጣት አናይም። ማስታወሻ መያዝም አይቻልም፣ ወረቀቱ የት እንዳለ ራሱ አይታወቅም። የአንዱን መነጽር ምስል ግድግዳው ላይ ቢያወጡት ተራ የሚጠብቀውም ይከታተላል። የሚያጥወለውለው ልጅ ደግሞ በቪዲዮ ይይ፣ ነጥብ አይቀነስበት። እኔ ተቀንሶብኛል፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፊዚዮሎጂ_አስተማሪ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ባለ ማስታወሻው ልጅ። ስሞቹን በሞዴል ቀድሜ አስተምሬ፣ ከዚያ በቡድን በቡድን አስገባቸዋለሁ፣ በየቫልቩ አስቁሜም አጽፋለሁ። ችግሩ ይሄ አፕሊኬሽን ፓውዝ የለውም። ምን ላድርግ?

ቾክ_እና_ኮድ
አስወልቃቸዋ።