«ማስረጃ የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ለሚሉን

ሒሳብ ሰባተኛ፦
ትናንት ከሰዓት እኛን የድሬዳዋ መምህራን ጉድኝት ማዕከል (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚገናኙበት) ጠርተውን በዚያ ሙቀት ስለ ማህደረ ተግባር፣ ያው ፖርትፎሊዮ ስለሚባለው የመምህሩ የሥራ ማስረጃ ስብስብ፣ ሲያሰለጥኑን አመሹ። ከእንግዲህ ቦክስ ፋይል ቀርቷል፣ ድራይቭ ላይ ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ዕቅድ፣ ፎቶ፣ የኦንላይን ኮርስ ሰርተፊኬት ትጭናላችሁ ተባለ። እዚህ ድረስ ይሁን። ሰውየው ሊጨርስ ሲል ግን «ማስረጃ የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ብሎ ቁጭ አለ። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ ይዤ ስጮህ ውዬ፣ ድምፄ ተዘግቶ ነው እዚያ የተቀመጥኩት። ፎቶ ስላልተነሳሁ አላስተማርኩም ማለት ነው?

ከቀፊራ፦
የኔን ቦክስ ፋይል እስከ ዛሬ ከአይጥ በቀር የገለጠው የለም። አሁን ድራይቭ ላይ ሲሆን እሷም ልትቀር ነው።

አይሲቲው ሳቢያን፦
ቅር አይበላችሁና ሰውየው ልክ ነው። ሐኪም እንኳ ያከመውን ካርድ ላይ ይጽፋል። ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) በዓመት 60 ሰዓት ነው፤ ማዕቀፉ በ2001 ከወጣ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ትናንት ከሰማይ የወረደባችሁ አስመሰላችሁት። ለመምህርነት ሙያ ፈቃዱም ማህደረ ተግባር ከጽሑፍ ፈተናው ጋር ይያዛል። ደግሞ ለራሳችሁ ነው። በኦንላይን ዛሬ ስንት ነገር በነጻ ይማሩታል! ጊዜ የለንም ለምትሉ፣ ከበርጫችሁ፣ ከጫት መቃሚያችሁ ላይ አንድ ሰዓት ቀንሱ።

ሒሳብ ሰባተኛ፦
ሐኪሙ ካርዱን የሚጽፈው በሽተኛውን ካየ በኋላ ነው ወንድሜ። እኛ ትምህርት ቤት የዓመቱ «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» ጥቅምት ላይ ተሞልቶ ይፈረማል።

የገንደ ቆሬዋ፦
እኔ ጫት አልቅምም። የኔን አንድ ሰዓት ከየት ላይ እንደምትቀንስልኝ ንገረኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ገበያ፣ ከገበያ ምድጃ፣ ከምድጃ የልጆች ደብተር። ውሃ ደግሞ ደስ ሲለው በሌሊት ነው የሚመጣው፣ ተነስቼ በርሜል እሞላለሁ። ባለፈው አንድ የኦንላይን ኮርስ ጀምሬ ቪዲዮውን ከፍቼ ስልኩን ዕቃ መደርደሪያው ላይ አቁሜ ሰሃን ሳጥብ ነበር። ጥያቄው ላይ ስደርስ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ። ስመለስ «ጊዜዎ አልቋል» ይለኛል። ቀንስልኝ እስቲ፣ ከየቱ?

አይሲቲው ሳቢያን፦
እህቴ አንቺን አላልኩም።

የገንደ ቆሬዋ፦
«በርጫችሁ» ነው ያልከው። ብዙ ቁጥር ነው። እኔም መምህር ነኝ።

ዋሪያ ታሪክ፦
አቦ ቆይ፣ በርጫን ለምን ይነካል? እኔ ሰርተፊኬቶቼን ሁሉ የሠራሁት በርጫ ላይ ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮቹን የኦንላይን ስልጠና በሐምሌ 2016 እንደተጀመረ ተመዝገቡ ስንባል ተመዘገብኩ። አንድሮይዱን ወሰድኩ፣ ዳታ ሳይንሱንም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ መልሱን ይነግረኛል፣ እኔ እጫናለሁ። እኔ እኮ የታሪክ መምህር ነኝ! አንድ መስመር ኮድ ጻፍ ብትሉኝ አልችልም። ማስረጃው ግን አለኝ፣ ስሜ በትልቁ ተጽፎ። ስለዚህ ተሠርቷል ማለት ነው።

ከቀፊራ፦
😂😂 ጨረሰው

አይሲቲው ሳቢያን፦
አንተ ስላጭበረበርክ ኮርሱ ጥፋተኛ አይሆንም። እኔ በዚያው ነው ፕሮግራሚንግ የተማርኩት። ልጆቼ ዛሬ ክበብ አላቸው።

ዋሪያ ታሪክ፦
በል እሺ፣ አንተ የተማርክበትም እኔ ያልተማርኩበትም ሰርተፊኬት አንድ ዓይነት ነው። ሱፐርቫይዘሩ እኩል ነጥብ ነው የሰጠን። ይሄን መልስልኝና በርጫዬን እቀንሳለሁ።

ጁገል፦
ከሐረር ሰላምታ። ድሬዎች ሙቀትና በርጫ ሳታነሱ አንድ ክርክር እንኳ አትጨርሱም ማለት ነው?

ከቀፊራ፦
ሐረሮች ደግሞ እናንተ አትቅሙም! የጫት ገበያዋ አወዳይ ጎረቤታችሁ መሰለችኝ።

ጁገል፦
እኛ ቅመን ሥራ እንሠራለን።

ዋሪያ ታሪክ፦
ማስረጃ?

ገጠር ምድብ፦
እናንተ በከተማ ሆናችሁ ስለ ዋይፋይ ታወራላችሁ። እኔ ያለሁበት ገጠር ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፣ እሱም ሲፈልግ። ቅዳሜ ድሬ ስወርድ ነው የሳምንቱን ፎቶ የምጭነው፤ ዳታውን ከኪሴ። እሱንም ልርሳው። የማስተምረው በኦሮምኛ ነው፣ ዕቅዴም ሥራዬን የገመገምኩበትም በኦሮምኛ ነው የተጻፈው። ፋይሌን ያየው ሰው ቋንቋውን አያነብም። ገጹን ቆጠረ፣ ፎቶዎቹን አየ፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ፈረመ። ሱማሊኛ የሚያስተምረው ጓደኛዬም እንደዚያው። ድሬ ውስጥ በሦስት ቋንቋ ትምህርት ይሰጣል፣ ማስረጃ የሚባለው ነገር ግን ቋንቋ የለውም፣ ብዛት ነው ያለው።

ሒሳብ ሰባተኛ፦
ይሄ ነው እኮ የምለው!

ጠመኔ፦
ልጆች፣ እኔ ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ማንንም አልፈራም። የሁለታችሁም ጎን አልጣመኝም። አንድ ገጽ ላንሳ። አምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ አስተምሬ ስፈትናቸው ግማሹ ክፍል 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው። ቀይ ኤክስ አድርጌ ልመልስ ስል፣ የአንዷን ልጅ ወረቀት አስቀርቼ ጠራኋትና «ግማሽ ዳቦ ይዘሽ ሌላ ቁራሽ ብጨምርልሽ ያለሽ ከግማሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል?» አልኳት። «ይበልጣል» አለችኝ። 2/5ን በወረቀት ሰንጠረዥ ስናስቀምጠው ከግማሽ አነሰ። ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ «ታዲያ ዳቦው የት ሄደ?» አለች። በማግስቱ ለክፍሉ በሙሉ ያስተማርኩት በእሷ ጥያቄ ነው። ወረቀቷን፣ የጠየቅኳትን፣ ከወር በኋላ የፈተንኳቸውን አንድ ላይ አያያዝኩት። እኔ ማህደረ ተግባር የምለው ይሄን ነው። መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም የሚባሉት አራቱ ነገሮች እዚያች ሦስት ወረቀት ላይ አሉ።

አይሲቲው ሳቢያን፦
ጋሼ፣ እኔም እኮ የምለው ይሄንኑ ነው! ለራስ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ጠመኔ፦
አይደለም። ያን ገጽ ሱፐርቫይዘሩ ሲያገላብጥ አለፈው፣ ማህተም የለበትም ብሎ። የተቀበለኝ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውን ነው። አንተ «ለራሳችሁ ነው» ትላለህ፣ የሚያርመው ግን ለራሱ ነው የሚያርመው። ለራሴ ከሆነ ነጥብ አትስጥበት፣ ደረጃ ዕድገቴንም አታስርበት። ነጥብ ካሰርክበት መምህሩ የተሳካለትን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ልጆቹ 2/5 ያሉበትን ቀን ማን ጅል ነው ድራይቭ ላይ የሚጭን?

የገንደ ቆሬዋ፦
እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ይሄ ለአሰልጣኙም ይድረስ።

አይሲቲው ሳቢያን፦
ነጥብ ካልተሰጠበት ማንም አይሠራውም። ይሄንንም እንተማመን። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስታውሱ። በቴሌግራም አስተምሩ ስንባል ስንቶቻችን ነን ቻናል መክፈት የቻልነው? ኦንላይን መማር የለመደው ነው ያኔ ልጆቹን ያልጣለው።

ገጠር ምድብ፦
ልጆቹ ስልክ ነበራቸው?

አይሲቲው ሳቢያን፦
የነበራቸው ነበሩ።

ገጠር ምድብ፦
የነበራቸው። እሺ።

ጠመኔ፦
እኔም ያኔ በድምፅ እየቀዳሁ እልክ ነበር፣ የደረሰው ደረሰው። አትማሩ የሚል ቃል አልወጣኝም፤ ዛሬም ማታ ማታ የሒሳብ ትምህርት አያለሁ፣ ሌላ አገር ያለ አስተማሪ ክፍልፋይን በቁጥር መስመር ላይ እንዴት እንደሚያሳይ ያየሁት እዚያ ነው። ሰርተፊኬት ግን የለኝም፣ ክፈል ይለኛል። ስለዚህ በናንተ ቀመር አልተማርኩም።

ሒሳብ ሰባተኛ፦
በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። የዚያን ዓመት ፋይላችን ግን በየትምህርት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ይሄውላችሁ ማስረጃ።

አይሲቲው ሳቢያን፦
እሱን በፖርትፎሊዮ ማሳበብ ደግሞ ግፍ ነው። ኩረጃ ሲቆም የታየ ውጤት ነው፣ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ተወስዶ ነው የተሰጠው።

ሒሳብ ሰባተኛ፦
አላሳበብኩም። ፋይሉ ያን ሁሉ ዓመት ምን ይመሰክር ነበር ነው ያልኩት።

ጁገል፦
አሁን ክርክር መሰለ።

ዋሪያ ታሪክ፦
የኔን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። እኩል ነጥብ።

አይሲቲው ሳቢያን፦
መልሱ ቀላል ነው፣ ሰርተፊኬት ብቻ ሳይሆን የሠራኸው ፕሮጀክት ይታይ።

ዋሪያ ታሪክ፦
ፕሮጀክቱንም ያው ልጅ ይሠራልኛል። ስሜን ብቻ ነው የምቀይር።

ከቀፊራ፦
ልጁ ራሱ ፈቃድ ይሰጠው በቃ

የገንደ ቆሬዋ፦
አይሲቲው፣ አሁንም «አንድ ሰዓት» ያልከውን አልመለስክልኝም።

አይሲቲው ሳቢያን፦
በርጫ ያልኩትን መልሼ ወስጄዋለሁ፣ ይቅርታ አልኩ እኮ።

የገንደ ቆሬዋ፦
የት አልክ? ወደ ላይ ሄጄ አየሁ፣ የለም።

ዋሪያ ታሪክ፦
ማስረጃ የሌለው ይቅርታ እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል።

ጁገል፦
😂😂😂

ሰላም ለሁላችሁ (አዲስ ገቢ)፦
ክርክሩን ሳላቋርጥ። ነገ ጠዋት ሱፐርቫይዘር ይመጣል ተብለናል። የተሞላ ማህደረ ተግባር ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በፒዲኤፍ ሳይሆን በወርድ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከቀፊራ፦
የየትኛው ክፍል? የየትኛው ትምህርት?

ሰላም ለሁላችሁ፦
የማንኛውም።