ግቢዬ ዋልካ ነው፤ ለመደልደል ምን ማሽን ልከራይ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ አካባቢ ቤቱ ያለቀ ግቢ አለኝ። ከቤቱ ፊት ያለው ባዶ ቦታ ወርዱ 15፣ ከቤቱ እስከ በሩ ደግሞ 20 ሜትር ነው። አፈሩ ዋልካ ስለሆነ ክረምት ላይ ውሃው ግድግዳ ሥር ይተኛል። የቤቱ ወለል ከመንገዱ ቦይ ወለል በ80 ሳ.ሜ ከፍ ይላል፤ በሩ 3 ሜትር ይሰፋል። ግሬደር ይሻለኛል ወይስ ሎደር? ላዩ ላይ የሚለብሰው ገረጋንቲስ (ጠጠራማ አፈር) ስንት መኪና ይበቃል?

ባለ ማሽን፦ ግሬደሩ ይቅርብህ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ መዞሪያ አያገኝም። የሚሆንህ ባክሆ ሎደር ነው፤ ከፊቱ አካፋ፣ ከኋላው መቆፈሪያ ያለው። ወርዱ 2 ሜትር ከ40 ገደማ ስለሆነ በበርህ ይገባል፤ በጎማው ስለሚመጣም የሎቤድ (ማሽን ጭኖ የሚያመጣ ተጎታች) ወጪ የለብህም። በሰንሰለት የሚሄደው ስካቫተር (መቆፈሪያ ማሽን) ግን በሎቤድ ነው የሚመጣው።

ቀያሽ፦ ወንድሜ፣ ማሽኑን ከመጥራትህ በፊት የውሃውን መውጫ ጨርስ። ልኬቱ ከቦዩ ይጀምራል። የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል 15 ሳ.ሜ ዝቅ ይበል። ከግድግዳው እስከ 3 ሜትር ድረስ ሌላ 15 ሳ.ሜ ይውረድ። የቀረው 17 ሜትር በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ ሲወርድ 34 ይሆናል። ድምሩ 64 ነው፤ ከ80 ላይ 16 ሳ.ሜ ይተርፍሃል። አሁን የቦዩን ግድግዳ እየው፤ ያለፈው ክረምት ጭቃ የተወው መስመር ከ16 ሳ.ሜ በላይ ከሆነ ውሃው ወደ ግቢህ ይመለሳል፣ ስለዚህ ቦዩ መጀመሪያ መጠረግ አለበት።

ከፍታውን ውሃ በተሞላ ነጭ ላስቲክ ቱቦ መለካት ትችላለህ፤ አረፋ ካለበት ግን ይዋሻል። በየ5 ሜትሩ ካስማ ምታና ሲባጎ ወጥር።

ሳይት መሐንዲስ፦ ብዙ ግቢ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ኦፕሬተሩ ዋልካውን ሜዳ አድርጎ ይቆርጥና ተዳፋቱን በገረጋንቲው ብቻ ያበጃል። ውሃ ገረጋንቲውን ዘልቆ ዋልካው ላይ ይጠራቀማል፤ ዋልካው ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩም አብሮ ይናዳል። ስለዚህ ተዳፋቱ ከታች ዋልካው ላይ ይውጣ፣ ገረጋንቲው በእኩል ውፍረት ይልበስ።

በአማካይ 20 ሳ.ሜ ስትቆርጥ 60 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲፈታ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ 78 ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 5 ቢያጆ (ምልልስ) ማለት ነው። ተጠቅጥቆ 25 ሳ.ሜ የሚሆን ገረጋንቲ ደግሞ ልቅ ሆኖ ወደ 98 ሜትር ኩብ ስለሚፈልግ 6 ቢያጆ ይዘህ ሰባተኛውን በቀጠሮ አቆየው።

በሎደሩ ጎማ መርገጥ አይበቃም። በእጅ የሚነዳ ትንሽ ሮለር ተከራይ፤ በሁለት ንብርብር፣ በየንብርብሩ ውሃ እያርከፈከፍክ ጠቅጥቅ። በእጅህ ስትጨብጠው ከተያያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ እርጥበቱ ልክ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኪራዩን እንዴት ልዋዋል?

ባለ ማሽን፦ በሰዓት ነው። ናፍጣው በማን እንደሆነ፣ ትንሹ የሰዓት መጠን ስንት እንደሆነ፣ መምጫና መመለሻው እንደሚታሰብ፣ ማሽኑ ቢበላሽ ሰዓቱ እንደሚቆም ወረቀት ላይ ይስፈር። የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ ሲጀምርም ሲጨርስም ፎቶ አንሳው። ቆሞ ሲጠብቅም ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ሲኖትራኮቹ ቀድመው ይቁሙ። ሥራውን ከግንቦት አታሳልፈው፤ ሰኔ ከገባ ዋልካው ጎማ ላይ እየተጠቀለለ የምትከፍለው ለጭቃ ነው።

ሳይት መሐንዲስ፦ የሴፕቲክ ታንኩን ዙሪያ በኖራ አስምረው፤ ማሽኑ በ3 ሜትር ውስጥ አይግባ፣ ክዳኑ አይችለውም። የውሃ መስመሩን ከቆጣሪው ጀምሮ በእጅ ቆፍረህ አሳየው። የተቆረጠውን አፈር አጥር ላይ አታስደግፍ፤ ዋልካ ሲርስ አጥር ይገፋል። ሲኖትራኩም ካሳውን (የጭነት ሳጥኑን) የሚያነሳው ከመብራት ሽቦ ርቆ ይሁን፤ ሽቦው በግቢው ላይ የሚያልፍ ከሆነ ገረጋንቲውን ውጭ ያራግፍ፣ ሎደሩ ያስገባዋል።