አስቸኳይ፦ ሱሉልታ፣ ወፍጮው «እምም» ይላል እንጂ አይዞርም

ጤፍ_ያዥ
ወገኖች አስቸኳይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ወፍጮው አልነሳ ብሏል። ሞተሩ 20 የፈረስ ጉልበት ነው። ስንከፍተው «እምምም» ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አይዞርም። ሁለቴ ሞክረን የመቃጠል ሽታ ሲመጣ አጠፋነው። አምፖሉም ግማሹ ደህና ይበራል፣ ግማሹ እንደ ኩራዝ ነው። ሰው ጤፉን አውርዶ ተሰልፏል። መቼም መብራቱን ለኬንያና ለጅቡቲ እየሸጡት ለእኛ ፌዝ (ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱን) ቀንሰውብን ነው። ጄኔሬተር ልከራይ ወይስ ሞተሩን ላስፈታ? የምታውቁ ቶሎ በሉ።

ሳቅ_አይከፈልበትም
ፌዙ ናይሮቢ ከሄደ ጤፉንም ተከትለህ ላከው።

ለገጣፎ_2
ብሬከሩን አጥፋው፣ 10 ደቂቃ ቆይተህ አብራው።

አቶ_ኒውትራል
ወንድሜ፣ ሦስተኛ እንዳትሞክር። ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ሲዞር ከሚስበው 5 እና 6 እጥፍ ይስባል፤ ጠመዝማዛው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ፍሪጅም ካለ ንቀለው፣ ኮምፕረሰር በዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው የሚሞተው።
ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከቆጣሪው በኋላ ባለው ዋና ብሬከር ላይ በመልቲሜትር ለካ፦ እያንዳንዱን ፌዝ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር፣ ከዚያ ሦስቱን እርስ በርስ። በመፈተሻ ካቻቢቴ አትመን፤ 100 ቮልትም ቢሆን መብራቷ ትበራለች። ሞተሩ እንደተከፈተም አትለካ፣ በሌለው ፌዝ ላይ ከሞተሩ የሚመለስ ቮልቴጅ ያታልልሃል። ስድስቱንም ቁጥር ጻፍልን።

ጋሼ_ሜጋዋት
ለጠያቂው መጀመሪያ መታረም ያለበት ሐሳቡ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ የሚደርስ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያለፈ፣ 500 ሺህ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። ቀጥተኛ ጅረት ደግሞ ፌዝ የሚባል ነገር የለውም! ሶዶ ላይ ተቀይሮ ይሄዳል፣ ሱስዋ ላይ እንደገና ወደ ተለዋዋጭ ይመለሳል። 2,000 ሜጋዋት የማስተላለፍ አቅም አለው፤ በ25 ዓመቱ ውል ግን የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ሽያጭ 200፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋዋት ነው። የጅቡቲው በተለዋዋጭ ጅረት በ230 ሺህ ቮልት ከድሬዳዋ በኩል ይወጣል፣ ሱዳንም በመተማ በኩል ተገናኝታለች። ሁሉንም የሚያስተባብረው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ2005። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው። ስለዚህ

ሰበታ_07
ጋሼ፣ ሰውየው ጤፍ ላይ ቆሟል።

ጋሼ_ሜጋዋት
እሺ፣ ባጭሩ። ኃይል ቢያጥር ፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃ ደግሞ ከማከፋፈያ ጣቢያው ሙሉ መስመሩን ያጠፋል፤ ሦስቱም ፌዝ አብሮ ይሄዳል። አንዱን መርጦ ለይቶ የሚሸጥ የለም። የአንተ ችግር ከሰፈርህ ትራንስፎርመር አይርቅም።

ጤፍ_ያዥ
ለካሁ። ከኒውትራል ጋር፦ 1ኛ 218፣ 2ኛ 107፣ 3ኛ 109። እርስ በርስ፦ 1ኛና 2ኛ 325፣ 1ኛና 3ኛ 327፣ 2ኛና 3ኛ 4። አራት ቮልት! መልቲሜትሩ ነው እንዴ የተበላሸው?

አቶ_ኒውትራል
መልቲሜትርህ ደህና ነው፣ እንዲያውም መልሱን ነግሮሃል። አንድ ሙሉ፣ ሁለት ግማሽ፣ በሁለቱ ግማሾች መካከል ዜሮ አካባቢ ከሆነ የጠፋው በትራንስፎርመሩ ላይኛ፣ በ15 ሺህ ቮልት በኩል ያለ አንድ ፊውዝ ነው። በዚያ በኩል ጠመዝማዛዎቹ በዴልታ (በሦስት ማዕዘን) ስለተያያዙ፣ አንድ መስመር ሲቋረጥ ሁለቱ ጠመዝማዛዎች ተከታትለው የአንዱን ቮልቴጅ ለሁለት ይካፈላሉ። በታችኛው በኩል ቢሆን ኖሮ 220፣ 220 እና ዜሮ ታነብ ነበር። ኒውትራል ቢበጠስ ደግሞ እርስ በርስ 380 ሳይነካ አንዱ ቤት 300 ሌላው 120 ያገኛል፣ ቴሌቪዥን የሚፈጀው እሱ ነው።
አሁን ሂድና ከመሬት ሆነህ ትራንስፎርመሩ ላይ ቀና በል። ፊውዞቹ ያሉባቸው ሦስት ቱቦዎች (ድሮፕአውት) ታያለህ፤ የተቃጠለው ከላይ ለቅቆ ወደታች ተንጠልጥሏል። እንዳትነካው፣ በረጅም እንጨት እመልሰዋለሁ የሚልም ጎረምሳ ካለ አባርረው። ወደ ጥገና ደውል፣ «መብራት ጠፋ» ብቻ አትበል፦ «የ15 ኬቪ ድሮፕአውት አንዱ ወድቋል፣ የትራንስፎርመሩ ቁጥር ይህ ነው»። ያን ካልክ መሰላልና ዘንግ ይዘው ይመጣሉ፤ አለዚያ ቆጣሪህን አይተው ይመለሳሉ።

ለገጣፎ_2
ብሬከሩን አጥፍተህ አብራው ብያለሁ፣ ሞክረኸዋል?

ናፍጣ_ተመን
ስለ ጄኔሬተሩ ማንም አልመለሰለትም። 20 ፈረስ ማለት 15 ኪሎዋት ነው፣ ሲዞር 30 አምፔር ገደማ። በቀጥታ የሚነሣ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ኬቪኤ (የአቅም መለኪያው ነው) ካልሆነ ጄኔሬተሩ ይሰምጣል፤ ስታር ዴልታ (ሞተሩን በትንሽ ጅረት የሚያስነሣ ማስነሻ) ካለህ 30 ይበቃሃል። በሰዓት 5 ሊትር ገደማ ናፍጣ አስብ፣ በአንድ ኪሎ የምታስከፍለውን ከዚያ ጋር አሰላው። የማዞሪያ ማብሪያ (ከመንግሥት መስመር ለይቶ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞር) ሳታስገባ ግን እንዳታገናኝ፤ ከአንተ የወጣው 380 በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ 15 ሺህ ይሆንና ፊውዝ ሊተክል የወጣውን ሠራተኛ ይገድለዋል።
ደግሞ «ለጅቡቲ እየሸጡ» ያልከው፤ በጄኔሬተሩ የምታቃጥለው ናፍጣ በዶላር ተገዝቶ በዚያው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚገባልህ። መብራቱ በሽቦ ይወርዳል፣ ነዳጁ በቦቴ ይወጣል። ሽቦው እንዲቆረጥ ስትመኝ ቦቴውንም አስበው።

ሰበታ_07
ሽያጩ አያገባውም ማለትም ግን ትንሽ ማሞኘት ነው። የሚያመነጨውና የሚያከፋፍለው ተቋም በ2006 ዓ.ም. ተለያይተዋል፤ ዶላሩ የሚገባው በላይኛው ቤት፣ በሚያመነጨው ነው። ሱሉልታ ላይ የሚያስፈልገው ሜጋዋት ሳይሆን ሁለተኛ ትራንስፎርመር ነው፣ እሱን የሚገዛው ደግሞ ታችኛው ቤት፣ የሚያከፋፍለው። ስለዚህ ጠያቂው በገንዘቡ ጉዳይ ቢቆጣ አይፈረድበትም፣ በፌዙ ግን ተሳስቷል።

ጤፍ_ያዥ
አየሁት፣ አንዱ ተንጠልጥሏል። ደውያለሁ፣ የጥሪ ቁጥር ሰጥተውኛል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ለምን ሁልጊዜ ቅዳሜ?

እቴ_ምጣድ
በእኛ ነዋ! አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ነው፣ 16 አምፔር። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ቤት ይጋግራል። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር 100 ኬቪኤ ከሆነ በአንድ ፌዝ የሚችለው 150 አምፔር አካባቢ ነው። በአንዱ ፌዝ ላይ 10 ምጣድ ከተደረደረ በቃ፣ ሞላ። ከዚያ ላይ ያንተ ወፍጮ ይነሣል።

አቶ_ኒውትራል
እቴዬ ልክ ብለዋል። ቆጣሪ ሲተከል የቀረበው ፌዝ ላይ ስለሚጠለፍ ነው የሚከማቸው። ጥገናዎቹ ሲመጡ የሦስቱን ፌዝ አምፔር በክላምፕ እንዲለኩና ቤቶቹን እንዲያከፋፍሉ ለምናቸው። ፊውዙንም በወፍራም ሽቦ እንዳይተኩት ተመልከት፤ በ100 ኬቪኤ ላይኛው በኩል 4 አምፔር እንኳን አያልፍም፣ ወፍራም ሽቦ ከገባ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው።
ላንተ ደግሞ የፌዝ መጠበቂያ ሪሌ ግዛና በኮንታክተሩ (ሞተሩን በሚያበራው ማብሪያ) ኮይል መስመር አስገባው፤ ፌዝ ሲጎድል ራሱ ያጠፋል። ኦቨርሎዱንም (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያጠፋውን) እየው። ስታር ዴልታ ከሆነና ኦቨርሎዱ ከሜን ኮንታክተሩ ሥር ከተሰካ፣ መስተካከል ያለበት 17 አምፔር ላይ እንጂ 30 ላይ አይደለም። 30 ላይ ከሆነ ለጌጥ ነው የተቀመጠው፤ ዛሬ ሳይዘል ሽታ የመጣው በዚያ ይሆናል።

ጤፍ_ያዥ
አሁን ከፍቼ አየሁት። 32 ላይ ነው ያለው 😳 መኪናቸው መጣ፣ እመለሳለሁ።

ሰበታ_07
ሦስት ቀን ሆነ። ጤፉ ተፈጨ ወይስ?

ለገጣፎ_2
ብሬከሩን አጥፍቶ አብርቶት ነው የሚሆነው።